የአብዬ ሰላም አስከባሪ፦ ለወታደሩ አራት ኮከብ፣ ለፖለቲካው ሁለት

«ዩኤን መቼ ሰላም አስከብሮ ያውቃል?» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በሚወዛገቡበት በድንበሩ ባለው አብዬ ከኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ጋር ግዳጅ ላይ ነበርኩ። አገልግሎቱን ከውስጥ ስላየሁት የመሰለኝን ልጻፍ።

በፈረንጆቹ ግንቦት 2011 የሱዳን ጦር አብዬ ከተማን ሲይዝ ከ100,000 በላይ ሰው ተፈናቀለ። ያኔም የዩኤን ወታደሮች እዚያው ነበሩ፤ ግን አላስቆሙትም። በወሩ የሱዳን መንግሥትና የደቡብ ሱዳን መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተፈራረሙ። የጸጥታው ምክር ቤትም ዩኒስፋን፣ ማለትም ለአብዬ ብቻ የተመደበውን የዩኤን ጦር አቋቋመ፤ 4,200 ወታደር፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኢትዮጵያዊ።

ቆቡ ያው ሰማያዊ ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ? አንደኛ፣ ካርቱምም ጁባም ኢትዮጵያ ትግባ ብለው ተስማሙ። ይሄ ከመሣሪያ በላይ ነው። ደግሞ ጦሩ የአንድ አገር ስለነበር ትእዛዙ ከአንድ ቦታ ይወጣ ነበር፤ ተኩስ ሲሰማ የአሥር አገር መንግሥት ፈቃድ አይጠበቅም ነበር።

ከሁሉም የምወደው ግን የአሚየት ገበያን ነው። ዝናቡ ሲያበቃ ሚሲሪያዎች፣ የሰሜኑ አረብ ከብት አርቢዎች፣ ከብታቸውን እየነዱ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ሣሩና ውኃው ያለው ንጎክ ዲንካዎች የሚኖሩበት መሬት ላይ ነው። ጠቡ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የሁለቱ ሕዝብ ሽማግሌዎች የጋራ የሰላም ኮሚቴ አቋቁመው በ2016 ገበያውን ከፈቱ። ስኳሩና ሽንኩርቱ ከሰሜን ይመጣል። እኛ መንገዱን እንጠብቅ ነበር። ነጋዴው ራሱ «እገሌ መንደር ነገር ሸቷል» ብሎ ይነግረን ነበር። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለ መረጃ ከየትኛውም ፓትሮል አይገኝም። ገበያው ሲዘጋ የሚጎዱት ሁለቱም ስለሆኑ ሰላሙን የሚፈልጉት እነሱ ናቸው።

ለወታደሩ ከአምስቱ አንዷን ኮከብ የቀነስኩት በግንቦት 2013 ምክንያት ነው። የንጎክ ዲንካው ዋና አለቃ ኩዎል ዴንግ ኩዎል በዩኒስፋ ኮንቮይ እየተጓዙ ተገደሉ። አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደርም አብሯቸው ወደቀ። ይሄ ዛሬም ያመኛል።

የፖለቲካው ክፍል ግን በጣም ደካማ ነው። አብዬ ከሰሜን ትሁን ወይስ ከደቡብ የሚለውን ለመወሰን በጥር 2011 ሊደረግ የነበረው ሕዝበ ውሳኔ ሳይደረግ ቀረ። በስምምነቱ የተጻፈው የጋራ የአብዬ ፖሊስም አልተቋቋመም። ወንጀለኛ ስንይዝ የምናስረክበው አካል አልነበረም። ከ2022 ጀምሮ እኛ ወጥተን የሌሎች አገሮች ወታደሮች ተተኩ። ምክር ቤቱ የተልዕኮውን ጊዜ ባራዘመ ቁጥር ካርቱምንና ጁባን አስቀድሞ ስለ ፖሊሱ ሊጠይቃቸው ይገባል።