የኢኢ 90 ኮሮላ ሞተር፦ ጀነራል ወይስ መቀየር? ጣርማ በርን ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው

ኢኢ 90 ኮሮላ ያለው ጓደኛዬ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፣ "ሞተሩ ደክሟል፣ ጀነራል ላስደርገው ወይስ ልቀይረው፣ ከቀየርኩስ በምን?" ጀነራል ማለት ሞተሩን ፈትቶ ያረጀውን እየቀየሩ ማደስ ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደግመው አንዴ ልጻፈው።

ሀሳቤን ከፊት ልናገር። መኪናዋን በየቀኑ ለሚነዳ፣ በተለይ ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር ተራራ አድርጎ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ለሚመላለስ ሰው የኔ ምርጫ 4ኢ ኢኤፍአይ (ቤንዚኑን በኮምፒውተር እየለካ የሚረጭ የቶዮታ ሞተር) ነው፣ ግን ከነኮምፒውተሩና ከነሙሉ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከተገኘ ብቻ። እንደዛ ካልተገኘ መኪናው ላይ ያለውን 2ኢ፣ ባለ ካርቡሬተሩን ሞተር፣ በደንብ ጀነራል አስደርጉት። 5ኤ የሚባለው ሌላው የቶዮታ ቤንዚን ሞተር ብር ለተረፈው ነው። 2ሲ የሚባለውን የናፍጣ ሞተር ለማንም አልመክርም።

ሸጦ የተሻለች መግዛት አይሻልም ወይ የሚለኝም አለ። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከቆመ ወዲህ የአሮጌ መኪና ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እያየን ነው፣ አንድ ደረጃ ከፍ ለማለት የሚጨመረው ብር ሞተር ቀይሮ ቦዲ አስቀብቶ ይተርፋል። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይመራ ከተባለ በኋላ ደግሞ መለዋወጫውም አብሮ ወጣ፣ ስለዚህ የምጠራው ዋጋ እኔ ባስጠየቅኩበት ሰሞን የተባልኩት ነው፣ እናንተ ስትሄዱ ደውላችሁ አጣሩ።

2ኢን ጀነራል ለማስደረግ ፋሻ ኤላስቲክ (የፒስተን ቀለበት)፣ ብሮንዚን (የኮሎ ማዞሪያው መሸከሚያ)፣ ሙሉ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ)፣ የቫልቭ ጎማ፣ ቺንጋ፣ ቶርኖ ቤትና የእጅ ዋጋ ተደምሮ ከ95 እስከ 110 ሺህ ተባልኩ። ሲሊንደሩ ተበልቶ ፒስተን ከተቀየረ ሌላ 25 ሺህ ያዙ። 4ኢ አዲስ አበባ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ላይ ከነኮምፒውተሩና ከነገመዱ 165 ሺህ፣ ገመድ የሌለው 120 ሺህ። በዚህ ላይ መግጠሚያ 30፣ ኤሌክትሪሺያን 15፣ የነዳጅ ፖምፓና ቱቦ 12፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ)ና ጥቃቅን ነገር 10 ሺህ፣ በጠቅላላው 230 ሺህ ገደማ። 5ኤ በሁሉም ነገር ከዚህ ከ50 ሺህ በላይ ይጨምራል ምክንያቱም ሱፖርቱም (ሞተሩ የሚቀመጥበት) ካምቢዮውም (የማርሽ ሳጥኑ) ሌላ ነው፣ 4ኢ ግን የ2ኢ ቤተሰብ ስለሆነ ራሱ መኪናው ላይ ካለው ካምቢዮ ጋር ይገጥማል፣ ብየዳ ውስጥ አትገቡም።

"ነዳጅ ቆጥቦ ራሱን ይከፍላል" የሚለውን ወሬ አስሉት። በቀን 60 ኪሎሜትር ብትነዱ የደከመ 2ኢ በሊትር 10 ኪሎሜትር ቢሄድና 4ኢ 13 ቢሄድ፣ በቀን የምታተርፉት አንድ ሊትር ተኩል እንኳን አይሞላም። ቤንዚን በ2017 ከመቶ ብር አልፏል፣ በዚያን ጊዜ ዋጋ እንኳን በወር የሚገኘው 4 ሺህ ምናምን ብር ነው፣ ከጀነራል በላይ ያወጣችሁትን ለመመለስ ሦስት አመት አካባቢ ይፈጃል። እኔ 4ኢን የምመርጠው ለነዳጁ ሳይሆን ለዳገቱ ነው።

ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ ጣርማ በር ከ3,000 በላይ ነው፣ በአንድ ጉዞ ወደ ሁለት ሺህ ሜትር የሚጠጋ ትወጣላችሁ። የ2ኢ ካርቡሬተር፣ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ክፍል፣ ይሄን አያውቅም። ሮቢት ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደብረ ሲና ስትደርሱ አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው (እሳት የሚያፈናጥቀው) ጥላሸት ይለብሳል፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ እየተንገዳገደ ይወጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ሲያስተካክሉት ደግሞ ታች ሲወርድ ቤንዚን ያንሰውና ይሞቃል። ኢኤፍአዩ ግን የአየሩን ግፊት የሚያነብ ሴንሰር አለው፣ ቤንዚኑን ራሱ ይቀንሳል ይጨምራል። አየሩ ሲሳሳ ጉልበት መቀነሱ አይቀርም፣ እሱ ለሁሉም ነው፣ ግን አይታነቅም። የጥቅምትና የህዳር ውርጭ ላይም ጠዋት አንዴ ቁልፍ አዙራችሁ መሄድ ነው። የ2ኢ ኦሪጅናል ካርቡሬተር አውቶማቲክ ቾኩና የቫኪዩም ቱቦዎቹ ከተበላሹ ቆይተዋል፣ ገበያ ያለው ኮፒ ካርቡሬተር ደግሞ ተንሳፋፊው ቶሎ ይላላና ቤንዚን ያፈሳል።

መቀየር ከመወሰናችሁ በፊት ግን ኮምፕሬሽን፣ ሲሊንደሩ ውስጥ አየር ሲታመቅ የሚፈጠረውን ግፊት፣ አስለኩ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር የባህር ጠለል ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ አየሩ ራሱ ከሩብ በላይ ስለሚቀንስ በባህር ጠለል 180 ፒኤስአይ የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 130 አካባቢ ቢያሳይ አይድነቃችሁ። "ሞቷል፣ ይቀየር" ብሎ የሚያስወጣችሁ መካኒክ ካለ አራቱን ሲሊንደር ያወዳድርላችሁ፣ ሁሉም ተቀራራቢ ከሆኑና ከዚህ ቁጥር ብዙ ካልወረዱ ሞተሩ ደህና ነው። አንዱ በጣም ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና ይለካ፣ ቁጥሩ ከወጣ ፋሻው ነው፣ ካልወጣ ቫልቭ ወይ ጓርኒሲዮን ነው፣ ያኔ ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ብቻ አውርዶ በትንሽ ብር መውጣት ይቻላል። እኔ ጋሼ የምለው የድሮ መካኒክ አንዱን ልጅ እንዲህ አድርጎ ከ200 ሺህ ወጪ ሲያድነው ቆሜ አይቻለሁ፣ "ልጄ፣ ሂድ ቫልቭህን አስጠርግ" ብሎ ነው የሸኘው። ደግሞ ሞተር ለመውጣት ብቻ አይደለም፣ ከጣርማ በር ስትወርዱ በዝቅተኛ ማርሽ የሚይዛችሁ እሱ ነው፣ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ከደብረ ሲና በታች ያለችው አርማንያ ሳይደርስ ፍሬኑ ይሸታል።

2ሲ ናፍጣን ብዙ ሰው የሚያነሳው በድሮ ሂሳብ ነው፣ በ2017 የናፍጣና የቤንዚን ዋጋ ልዩነት ኢምንት ሆኖ ነበር። ቴስታታው ሙቀት ካገኘ በመሰንጠቅ የታወቀ ነው፣ ከሮቢት ወደ ላይ አራት ሰው ጭኖ መውጣት ደግሞ ሙቀት መጥራት ነው። ክብደቱ የፊት ሞላ ያወርዳል፣ ካንዴሌታው (ናፍጣ ሞተርን ለማስነሳት የሚያሞቀው) ከደከመ በውርጭ አይነሳም። በቃ።

አሁን ስለ ግዢው። የአክስቴ ልጅ "ከዱባይ የመጣ፣ ያልተከፈተ" ተብሎ 4ኢ ገመድ የሌለውን በ120 ሺህ ገዛ፣ 45 ሺህ ያተረፈ መስሎት። ገመዱን ለብቻ በ38 ሺህ አገኘው፣ ከሌላ መኪና የተቆረጠ ነው፣ ቀለሙ አይገጥምም፣ ኤሌክትሪሺያኑ በፕላስተር እየቀጠለ ሰራው፣ ጉም በገባ ቁጥር ጣርማ በር አናት ላይ ይጠፋበታል። ቀጥሎ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። የዘይት ገንዳው ሲወርድ የዘይት ፖምፓው ወንፊት በሰማያዊ ሲሊኮን ቁርጥራጭ ተደፍኗል። ፋብሪካ እንደዛ አያሽግም፣ ሞተሩ እዚሁ ተከፍቶ፣ ታሽጎ፣ ብር ቀለም ተረጭቶ ነው የተሸጠለት። ስለዚህ ስትገዙ ብሎኖቹን እዩ፣ ጠርዛቸው በቁልፍ የተፋቀ ከሆነ ተከፍቷል። በመጋጠሚያው ጠርዝ ላይ ሲሊኮን ፈልቅቆ ከወጣ ተዉት። የዘይት ክዳኑን ክፈቱና በባትሪ ወደ ውስጥ እዩ፣ ጥቁር ዝቃጭ ካለ ሻጩ የሚለውን አትስሙ። ገመዱ ሶኬቶቹ ሳይቆረጡ ሙሉ መሆኑን አንድ በአንድ ቁጠሩ።

የነዳጅ ፖምፓው ላይ አትቆጥቡ። የ2ኢ ፖምፓ ሞተሩ ላይ ያለ ሜካኒካል ነው፣ ኢኤፍአይ የሚፈልገው ግፊት የሱን አስር እጥፍ ገደማ ነው፣ ስለዚህ አዲስ የኤሌክትሪክ ፖምፓ የግድ ነው። በ2 ሺህ ብር የሚሸጠው ኮፒ ይጮሃል፣ ሳይቆይም ይቆማል። ከሱ የባሰው ግን ቱቦው ነው፣ የካርቡሬተሩን የድሮ የጎማ ቱቦ በፋሸታ (በብረት ማሰሪያ) አጥብቆ የሚተው መካኒክ አለ፣ ያ ቱቦ በዛ ግፊት ተሰንጥቆ የጋለ ማርሚታ ላይ ቤንዚን ቢረጭ መኪናዋም ሰውም አይተርፍም። የከፍተኛ ግፊት ቱቦ ግዙ፣ አሮጌውን አስጥሉ።

መጨረሻ ላይ ወረቀቱ። የሞተር ቁጥር ሊብሬያችሁ ላይ አለ፣ ቦሎ ስታድሱም መኪና ስትሸጡም ይታያል። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሞተሩ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ወረቀት) እንዳለውና ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ብሎኩ ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ቁጥሩ የተመታበት ቦታ በሞረድ የተፈገፈገ ከመሰለ ወይም ፊደሎቹ ወጣ ገባ ካሉ፣ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም አትግዙ። ከመግጠማችሁ በፊትም ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ምን ወረቀት እንደሚፈልጉ ጠይቁ፣ ወረቀት አልባ 4ኢ ከመግጠም 2ኢውን ጀነራል አስደርጎ መንዳት ይሻላል።