አባቴን ዓሳ ላበላልኝ አስተናጋጅ

ቦስተን፣ ዩኒየን ኦይስተር ሃውስ የተባለው ምግብ ቤት፣ ላይኛው ፎቅ ላይ የሚሠራ አንድ ሸበቶ አስተናጋጅ አለ። ስሙን ሳላስፈቅደው አልጽፍም፤ ምስጋናው ግን ይድረሰው።

አባቴ የጎርጎራ ሰው ናቸው፤ ዓሳ ያውቃሉ። ቆሮሶ ይበላሉ፣ አምባዛ ግን ቅርፊት ስለሌለው ቤታቸው ገብቶ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ሰው በር ላይ ሎብስተር (ክንፍም ቅርፊትም የሌለው፣ ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ) በውኃ ገንዳ ሆኖ ወደሚቀበልበት ቤት መውሰዴ ድፍረት ነበር። ቀደም ብዬ የወሰድኳቸው ሌላ ቤት፣ «ክንፍና ቅርፊት ያለው የትኛው ነው?» ብዬ ብጠይቅ አስተናጋጇ ትከሻዋን ሰብቃ ሄደች። አባባ ዳቦ በልተው ወጡ።

ይህኛው ጥያቄውን ሰምቶ ወደ ወጥ ቤት ገባና ከነቆዳው የተቆረጠ ሃዶክ የተባለ ጥሬ የባሕር ዓሳ በሳህን ይዞ ተመለሰ። የአውራ ጣት አሻራ የመሰለች ጥቁር ነጥብ ጎኑ ላይ አሳየንና፣ «ዓሳ አጥማጆች የጴጥሮስ ጣት ያረፈበት ነው ይላሉ» አለ። ተረጎምኩላቸው። አባባ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ፤ ቆዳውን በጥፍራቸው ሽቅብ ፋቅ አደረጉት። ደቃቅ ቅርፊት ጥፍራቸው ላይ ቀረ።

«ይሄ ይበላል።»

ኦይስተርና ክላም የሚባሉት ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳት ከሚጠበሱበት ዘይት እንዳይነካካ፣ ሳልጠይቀው ለብቻው ምድጃ ውስጥ እንዲበስል አዘዘ። የዳቦ ፍርፋሪ ተነስንሶበት መጣ፤ አባባ አጥንት ፍለጋ አገላብጠው አገላብጠው አጡና ተገረሙ። የበቆሎ ዳቦውን ግን «ስኳር አበዙበት» ብለው ገፉት።

ምግብ ቤቱ የተከፈተው በፈረንጆቹ 1826 ነው። «ካሳ ኃይሉ ገና ልጅ ሳለ!» አሉ አባባ፤ የእኛ ዘመነ መሳፍንት መሆኑ ነው። 18 ቁጥር መቀመጫ ጆን ኬኔዲ እሑድ እሑድ ጋዜጣ እያነበበ ይመገብበት የነበረ ነው። አባባ ይህንን ሲሰሙ ዝም አሉ። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1963 ጃንሆይ ዋሽንግተን ሄደው ኬኔዲ እንዴት እንደተቀበላቸው፣ ሁለት ወር ሳይሞላም ለቀብሩ መመለሳቸውን ተማሪ ሳሉ በሬዲዮ ሰምተዋል። ይህንን ለአስተናጋጁ ነገርኩት። እዚያ የተቀመጡት ሰዎች እስኪነሱ ጠብቆ ጠረጴዛውን ወለወለና አባባን በክንዳቸው ደግፎ 18 ቁጥር ላይ አስቀመጣቸው። ሻያቸውን እዚያው ጠጡ።

መሄድ የምትፈልጉ ሃይማርኬት ባቡር ጣቢያ ውረዱ፤ ከዚያ በእግር ቅርብ ነው። ላይኛውን ፎቅ ጠይቁ። ደረጃው ስለሚንቋቋ አረጋውያንን ደግፉ። ዋጋው ቀላል አይደለም፣ እኔ ግን አልቆጨኝም።

አባባ አገር ቤት ሲገቡ የጴጥሮስን ጣት ወሬ ለንስሐ አባታችን ነግረዋቸው ኖሯል። መምሬ በስልክ ጠየቁኝ፦ «ታዲያ አፉን ስትከፍቱት፣ ጴጥሮስ ከዓሳ አፍ አውጥቶ ግብር እንዲከፍልበት ጌታ ያዘዘው ገንዘብ፣ እስታቴሩ፣ አልተገኘም?» ቢገኝማ ሂሳቡን እሱ ይከፍል ነበር አልኳቸው።