ሐይቅ ዳር ወይስ ቱላ? ሐዋሳ ላይ ቤት ስትፈልጉ

ሐይቅ ዳርን የሚወድ ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ ነፋሱን ነው የሚጠራው። እውነቱን ነው። ጠዋት ከፍቅር ሐይቅ ዳርቻ በእግር ተጉዞ የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል መድረስ፣ ጀልባ ሲራገፍ ማየት፣ ቆሮሶ ዓሣ ገዝቶ አስጠብሶ መብላት ሌላ ሰፈር ላይ የለም። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ደግሞ እንደ ጡረተኛ ሽማግሌ ዳር ቆሞ የዓሣውን ትርፍራፊ ይጠብቃል።

ግን ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ግድግዳውን እዩ። ሐዋሳ ሐይቅ ውሃው በወንዝ የሚወጣበት መውጫ የለውም፤ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ውሃው ግን በትነት ነው በአብዛኛው የሚቀንሰው። ብዙ ዝናብ በዘነበ ዓመት ከፍ ይላል፤ ዳርቻው ላይ ግድብ መሠራቱም ለዚሁ ነው። ምድር ቤት ላይ ግድግዳው ከግርጌው የረጠበ ወይም ቀለሙ የተላጠ ከሆነ፣ ባለቤቱ «አዲስ ቀለም እናስቀባለን» ቢላችሁም አትቸኩሉ። ትንኝም አለ፤ አጎበር ግዙ።

ቱላ በዲላ መንገድ ወደ ደቡብ ወጣ ያለ ነው። ግቢው ሰፊ፣ እንሰትና ቡና ከጓሮ የማይጠፋበት፣ ኪራዩም ቀለል የሚል። ችግሩ መንገዱ ነው፦ መሀል ከተማ የሚሠራ ሰው በየቀኑ ታክሲ ይጠብቃል፣ ማታ ከዘገየ ደግሞ ባጃጅ በኮንትራት።

እኔ ልጆች ያሉትን ቤተሰብ ቱላ እልካለሁ። ብቻውን የሚኖርና ፒያሳ አካባቢ የሚሠራ ግን ሐይቅ ዳር ይከራይ፤ ፎቅ ላይ ከሆነ።