ለበረሃ የሚሆን ትልቅ ቢላ፦ ባለ ኮምፓሱ፣ ወጡ ወይስ የባሌስትራው?

ከድሬዳዋ ወጥቶ በሽንሌ ወይም በኤረር በኩል በረሃ ለሥራ የሚገባ ሰው አንድ ጠንካራ ቢላ ሊኖረው ይገባል። ገመድ ይቆርጥበታል፣ ማገዶ ይፈልጥበታል፣ ፍየል ይበልትበታል። ገበያ ስትወጡ ግን ምርጫው ግራ ያጋባል። ሦስቱን ላነጻጽርላችሁ።

ባለ ኮምፓሱ ዓይን ይስባል። ጀርባው መጋዝ ነው፣ እጀታው ውስጡ ክፍት ነው፣ ክዳኑ ላይ ኮምፓስ አለው። ክዳኑን ስትፈቱት ክብሪት፣ መርፌና የዓሣ መንጠቆ ይወጣል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው፤ እኔ ደግሞ አጥብቄ የማልመክረው እሱን ነው። እጀታው ክፍት እንዲሆን ብረቱ መግቢያው ላይ ማጠር አለበት። በርካሾቹ ላይ አንዲት አጭር ጭራ ብቻ ወደ ውስጥ ትገባና በዳዶ ትታሰራለች። እንጨት ስትፈልጡበት ጉልበቱ ሁሉ እሷ ላይ ያርፋል። መጀመሪያ ትላላለች፣ ቆይታ ትሰበራለች። ያኔ ስለቱ ወዴት እንደሚበር አይታወቅም። መጋዙም ቢሆን እንጨት ውስጥ ይቀረቀራል እንጂ እንደ ልብ አይቆርጥም። ኮምፓሱ ከብረት አጠገብ ስለተቀመጠ አቅጣጫ ሊያሳስት ይችላል።

ወጡ ቢላ ብረቱ ከጫፉ እስከ እጀታው መጨረሻ አንድ ነው። ሱቅ ውስጥ መለየት ቀላል ነው፦ እጀታውን በጎን እዩት፤ በሁለቱ ልባጦች መሃል ብረቱ ዙሪያውን ከታየ እሱ ነው። ከዚያ በሰገባው እንዳለ ይዛችሁ እጀታውን በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጉት። የሚንኳኳ ነገር ከሰማችሁ ተዉት። ስለቱ ከ15 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለሁሉም ሥራ ይበቃል። ከዚያ የረዘመው ወደ ገጀራ ይጠጋል፤ ሽንኩርት ለመክተፍ እንኳ ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ማሪኖች (የባሕር ወለድ ጦር) የተቀበሉት ካ-ባር የተባለው ቢላ ስለቱ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ መጋዝም ኮምፓስም የለውም።

ካርበን ወይስ ስቴንለስ? ካርበን ብረት በቀላሉ ይሳላል፣ ግን ይዝጋል። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ጠርጎ ትንሽ ዘይት መቀባት ይበቃዋል። ጅቡቲ የምትመላለሱ ሾፌሮች ግን ስቴንለሱን ውሰዱ፤ የባሕር አየር ጨው ካርበኑን ቶሎ ይበላዋል።

የባሌስትራው ቢላ አንጥረኛ ዘንድ ከመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ የሚሠራው ነው። ብረቱ ጥሩ ነው፤ ዕጣው ያለው በአንጥረኛው እጅ ነው። ስታዝዙ ጭራው እስከ እጀታው ጫፍ እንዲዘልቅ በግልጽ ንገሩት። ስትረከቡ ሞረድ ስለቱ ላይ አስኪዱ፦ ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል፣ እንደ ልቡ ከነከሰው ለስላሳ ነው፣ ይመልሰው። ጎበዝ አንጥረኛ የምታውቁ ከሆነ ከውጭ ከመጣው ይልቅ ይህን ግዙ። ሲጎብጥ የሚያቃናው ሰው ቅርብ ነው።

አጠቃቀሙን ተረጋግታችሁ ተለማመዱ። እንጨት ስትፈልጡ ስለቱን እንጨቱ አናት ላይ አስቀምጡ፤ ጫፉ በወዲያኛው በኩል ትንሽ ወጣ ይበል። ከዚያ ጀርባውን በዱላ ምቱ። እንጨቱ ከስለቱ ርዝመት መወፈር የለበትም። ግራር ጠንካራ ነው፤ አንጓ ያለበትን አትታገሉት፣ ሌላ ፈልጉ። ተቀምጣችሁ ስትቆርጡ በሁለቱ ጭኖቻችሁ መሃል በፍጹም አትቁረጡ። እዚያ ያለው ትልቅ የደም ሥር ከተቆረጠ ደሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሳል፣ ሐኪም ቤት ደግሞ ሩቅ ነው።

ስትስሉ ቢላውን ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ግማሽ አጋድሉት፣ ከቀረው ደግሞ ግማሹን አጋድሉ። 22 ዲግሪ ግድም ይመጣል፤ እሱን ሳትለቁ ሁለቱንም ጎን እኩል ሳሉ። ዱልዱም ቢላ ጉልበት ስለሚያስጨምር ይበልጥ የሚያቆስለው እሱ ነው።

የክላሽ ሳንጃ የሚያቀርብላችሁ ሰው ይኖራል። ከሰገባው ጋር ሲጋጠም ሽቦ ይቆርጣል፣ እውነት ነው፤ ግን የጦር መሣሪያ ነው፣ ለካምፕ ሥራ አይገዛም። በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነም የትኛውም ቢላ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ በሰገባው ጠቅልላችሁ ከሚጫነው ዕቃ ጋር አድርጉት።