ደሴ ላይ አሮጌ ቮልስ የሚያስነሱ ባለሙያ

ከአባቴ የወረስኳት፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራች ቮልስዋገን 1300 ሦስት ሳምንት ሙሉ አልነሳ ብላኝ ስለነበር፣ በጭነት መኪና አስጭኜ ከኮምቦልቻ የሀረጎን ዳገት በማስወጣት ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ትንሽ ጋራዥ ወሰድኳት። ወሎ ውስጥ አሮጌ መኪና ላላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

መኪናዋ የቆመችው ሌላ ቦታ የካንዴላ (ሲሊንደሩ ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠው ዕቃ) ገመዶቿ ከተቀየሩላት በኋላ ነው። ሞተሪኖው (ማስነሻው) በደንብ ያዞራታል፣ ቤንዚኑም ከአየር ጋር የሚቀላቀልበት ካርቡራተር ይደርሳል፤ ሞተሩ ግን በካርቡራተሩ በኩል አንድ ጊዜ ይተኩስና ዝም ይላል። ቀደም ሲል ያዩዋት መካኒኮች ሳይመረምሩ ቦቢና (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ዕቃ) ቀይር፣ ባትሪ ቀይር ሲሉኝ ከርመዋል።

የደሴው ባለሙያ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። «አብሽር ወንድምዓለም፣ መጀመሪያ እሳቱን፣ ከዚያ ሰዓቱን እናያለን» አሉኝ፤ እሳት ያሉት የካንዴላውን ብልጭታ፣ ሰዓት ያሉት ደግሞ ብልጭታው የሚመጣበትን ቅጽበት ነው፤ ከዚህም ቅደም ተከተል ዝንፍ አላሉም። አንዱን ካንዴላ ከነገመዱ ሞተሩ ብረት ላይ አስደግፈው ሲያስዞሩ የታየው ብልጭታ ደካማና ቢጫ ነበር። እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ሲነሳ፣ የፑንቲናው (እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሳው መገናኛ) ፊት ተቃጥሎ ክፍተቱ ሊዘጋ ደርሶ ተገኘ። ፑንቲናውን ከመቃጠል የሚጠብቀው ኮንዴንሰር ከደከመ አዲሱንም ፑንቲና ቶሎ ስለሚያስቃጥለው ሁለቱን አብረው ለወጡና ክፍተቱን 0.4 ሚሊ ሜትር አደረጉት።

ብልጭታው ሰማያዊ ቢሆንም ሞተሩ አሁንም አልተነሳም። የዚህ ሞተር የእሳት ተራ 1-4-3-2 ነው፤ አንደኛውና ሦስተኛው ፒስተን ጫፍ የሚደርሱት እኩል ስለሆነ፣ የፑሌጃውን (ከሞተሩ ዘንግ ጋር አብሮ የሚዞረው ክብ ብረት) ምልክት ብቻ አይቶ የትኛው ሲሊንደር አየሩን አምቆ እሳት እንደሚጠብቅ ማወቅ አይቻልም። እሳቸው ግን የአንደኛውን ሲሊንደር ካንዴላ ነቅለው ቀዳዳውን በአውራ ጣታቸው ደፈኑና ረዳታቸው ፑሌጃውን በመፍቻ ቀስ እያለ እንዲያዞር አዘዙት። የታመቀው አየር ጣታቸውን ሲገፋው፣ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየዞረ እሳቱን ለየገመዱ የሚያደርሰው ሮተር የሚያመለክተው የሦስተኛውን ሲሊንደር ገመድ ሆኖ ተገኘ። አራቱም ገመዶች ግማሽ ዙር ተዛንፈው ተሰክተው ነበር ማለት ነው፤ እሳቱ የሚመጣው ማስገቢያው ቫልቭ መከፈት ሲጀምር ስለነበር ነው ተኩሱ በካርቡራተር የሚወጣው። ይህን ለማግኘት ከአንድ መፍቻና ከአንድ አውራ ጣት በላይ አላስፈለገም፤ እኔም ለባለሙያው ያለኝ አክብሮት የመነጨው ከዚህ ነው።

ገመዶቹን ከመለሱ በኋላ የ12 ቮልት አምፖል በቦቢናው የፑንቲና መስመርና በሞተሩ ብረት መካከል አሰሩ። ፑሌጃውን ከጫፉ 7.5 ዲግሪ በፊት አቁመው፣ ቁልፉን ከፍተው፣ ዲስትሪቢዩተሩን በጥቂት በጥቂቱ እያዞሩ አምፖሉ ልክ ሲበራ ብሎኑን አጠበቁት። ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ፤ የአባቴን ዘመን ድምፅ ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ቅሬታዬ መለዋወጫ አለመኖሩ ነው፤ ፑንቲናውንና ኮንዴንሰሩን ከአዲስ አበባ እስካስመጣ ሁለት ቀን ጠብቄያለሁ። መጠለያም ስለሌለው ዝናብ ሲመጣ ሥራው ይቆማል። የምትሄዱ ሰዎች ዕቃውን አስቀድማችሁ ያዙ፤ ሰዓቱ የሚስተካከለው በቀዘቀዘ ሞተር ስለሆነም መኪናዋን ከዋዜማው አሳድሯትና በጠዋት ድረሱ።