ኖኒ ለመጠጣት የገባሁበት ጁስ ቤት

ጉልበቴን ማመም ከጀመረኝ ከርሟል። «ኖኒ ጠጪበት» ያላለኝ ሰው የለም፤ ኖኒ የሚሉት የፍሬ ጭማቂ ነው። አንድ ጁስ ቤት በር ላይ ስሙን ሳይ ሰተት ብዬ ገባሁ።

ቤቱ ንጹህ ነው፣ መስተንግዶውም ጥሩ። አስተናጋጇ ብርጭቆውን ስታስቀምጥ «ሽታው እንዳያስደነግጥዎት፤ መጀመሪያ ትንሽ ይቅመሱት» አለችኝ። እግዜር ይስጣት። ሽታው ቀድሞ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ የከረመ አይብ ነው። መልኩ ጠቆር ያለ ቡናማ። ምላስ ላይ ይኮመጥጣል፣ ጉሮሮ ሲደርስ ይመራል፤ ምሬቱም ቶሎ አይለቅም። ሁለቴ ተጎንጭቼ ከወይን ጭማቂ ጋር እንድትቀላቅልልኝ ለመንኳት። ያኔ ተጠጣ። ደፍሮ ለሚሞክር ሰው እኔም የምመክረው እንደዚህ ነው።

የከነከነኝ ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ ነው። ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለካንሰር፣ ለመገጣጠሚያ ይላል። የፓስፊክ ደሴቶች ሰዎች ኖኒን ከጥንት ጀምሮ ለመድኃኒትነት ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ እሱን አከብራለሁ። ካንሰር ያድናል ለማለት ግን ማስረጃ የለም። የታመመ ሰው እንዲህ ያለ ሰሌዳ አንብቦ መድኃኒቱን ቢያቆምስ?

ለእህቴ አንድ ጠርሙስ ልገዛላት አስቤ ነበር። እህቴ የኩላሊት እጥበት ላይ ናት። ብርቱካን እንኳ ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ስላለው ሐኪሟ ከልክሏታል። የኖኒ ጭማቂም ፖታሲየሙ ከብርቱካን ጭማቂ ጋር ይቀራረባል። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወግደዋል። የደከመ ኩላሊት ግን አይችልም፤ ደም ውስጥ ሲጠራቀም የልብ ምት ያዛባል። እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ የኩላሊት ሕመምተኛ ኖኒ ሲጠጣ ፖታሲየሙ ከፍ ማለቱ በሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ሰሌዳው ላይ ስለዚህ አንዲት ቃል የለችም። ጠርሙሱን መለስኩት።

ስለ ጉበትም ይወራል። ኖኒ ከጠጡ በኋላ ጉበታቸው የታመመ ሰዎች ተመዝግበዋል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2006 ጉዳዩን መርምሮ፣ መንስኤው ኖኒ ነው የሚያሰኝ አሳማኝ ነገር አላገኘም። እኔን የሚያሳስበኝ ኩላሊቱ ነው።

ስወጣ ኃላፊውን አስጠራሁት። ከሰሌዳው ላይ ካንሰር የሚለውን አጥፍቶ «የኩላሊት ሕመም ያለበት ሐኪሙን ሳያማክር አይጠጣ» ብሎ እንዲጽፍ ጠየቅኩት። በትዕግሥት ሰማኝና «አስብበታለሁ» አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ አያለሁ። እስከዚያ ድረስ ቤቱን ለማንም አልጠቁምም።