አረንጓዴው ሄል ወይስ ጥቁሩ?

የህንድ ምግብ ልትሠሩ ነው? መጀመሪያ የትኛው ሄል እንደተፈለገ እዩ።

አረንጓዴው በደቡብ ህንድ፣ በኬረላ ተራሮች ይበቅላል። ጠረኑ ጣፋጭና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ለሻይና በወተት ለሚበስለው ጣፋጭ ሩዝ፣ ለኺር፣ የሚተካው የለም። ጥቋቁሮቹን ፍሬዎች ከቅርፊቱ አውጥታችሁ ወዲያው ውቀጧቸው። ተፈጭቶ የከረመው ሽታው ይጠፋል።

ጥቁሩ ከሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ ከሲኪም አካባቢ የሚመጣ፣ ተለቅ ያለና ሸካራ ነው። በእሳት ጭስ ላይ ስለሚደርቅ ጭስ ጭስ ይላል። ሻይ ውስጥ ባታስገቡት ይሻላል። ለሥጋ ወጥና በቅመም ለሚበስለው ሩዝ፣ ለቢርያኒ፣ ግን ግሩም ነው! አንድ ሁለቱን ከነቅርፊቱ ሰንጠቅ አድርጋችሁ የጋለ ዘይት ውስጥ ጨምሩ፤ ምግቡ ሲቀርብ አውጧቸው። ኮረሪማችን በመልክ ቢቀርበውም ጠረኑ ሌላ ነው።

አንዱን ብቻ ግዙ ከተባለ፣ እኔ አረንጓዴውን እላለሁ። ሥጋ ውስጥም ያምራል።